ተጨማሪ ሰዓት፤ ስለ ኮርያ አስቂኝ የፍቅር ፊልሞችና ስለ ሠሪዎቻቸው

በ2010 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና ተማሪ ሳለሁ የሰሊጥ አጨዳ ወራት ሲደርስ ወደ ገዳሪፍ ወርጄ ነበር። እንደሚታወቀው ገዳሪፍ ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን ተሻግሮ በጋላባትና በዶካ በኩል በሚያልፈው መንገድ የምትገኝ፣ በማሽላና በሰሊጥ ገበያዋ ስሟ የገነነ የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። አክስቴ በዚያ ከአንድ የእህል መጋዘን ፊት ለፊት ቡናና ሻይ ትሸጥ ነበር። ሱዳኖች እንዲህ ያለውን ሥራ የምትሠራውን ሴት «ሲት ሻይ» ይሏታል።

ከእርሻ ወደ ከተማ በገባንባቸው ምሽቶች ከአክስቴ ግቢ እንሰበሰብና በአንዲት ትንሽ ስልክ ዙሪያ ተደፍተን ፊልም እናያለን። ፊልሙን ባለሱቅ በገንዘብ «ሜሞሪ» ላይ ሞልቶ ይሰጣል። አንድ ምሽት የተከፈተው የኮርያ ፊልም ነበር። ቋንቋው ኮርያኛ፣ ከሥሩ የተጻፈው ትርጉም ዐረብኛ፣ ተመልካቹ ደግሞ አብዛኛው አማርኛ ብቻ የሚያውቅ የቀን ሠራተኛ! እንደ ዕድል ሆኖ ከመካከላችን አንዱ በሱዳን ትምህርት ቤት የተማረ ነበርና ዐረብኛውን እያነበበ በሹክሹክታ ያስተረጉምልን ጀመር። አንዲት ሰክራ የምትንገዳገድ ቆንጆ ልጅ አንድን ምስኪን ተማሪ ስታዋክበው፣ ስትመታው፣ የእሷን ባለ ተረከዝ ጫማ አስጫምታ ስታስሮጠው አየን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አስተርጓሚያችንም እየሳቀ መተርጎሙን ተወው።

አክስቴ ግን አልሳቀችም። ከሰሉን እያራገበች ጥቂት ተመለከተችና፣ «ይቺ ልጅ ሐዘን አለባት፤ የሞተባት ሰው አለ» አለች። ማናችንም አላመንናትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጅቱ በእርግጥ የምትወደው ሰው ሞቶባት ኖሮ ፊልሙ ራሱ ነገረን።

አክስቴ ኮርያኛም ሆነ ማንበብ አታውቅም። ታዲያ እንዴት አወቀች? ይህ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ሆኜ ሳስበው መልሱ ከአክስቴ ብልህነት ጋር (እሱም አይካድም) ፊልሙን የሠሩት ሰዎች በነበራቸው ሙያ ላይ የተመሠረተ ሆኖ አገኘዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ሰዎችና ስለ ሥራቸው ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ማግሥቱን ፊልሙን ስንተርክ የሰማ አንድ የአክስቴ ደንበኛ፣ ሽማግሌ የሰሊጥ ነጋዴ፣ «ለፍቅር ታሪክ እስከ ኮርያ ምን አስኬዳችሁ? የታጁጅን አልሰማችሁምን?» ያለንን ደግሞ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሳቁ ከምን ተሠራ?

አስቂኝ የፍቅር ፊልም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ የሚለጠፉት የአማርኛ ፊልም ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚል ቃል እንደሚጽፉ አንባቢ ያውቀዋል። በ2007 የወጣው «የወንዶች ጉዳይ» ተመልካችን ሲያስቅ ከነበሩት አንዱ ነው። የዚህ ዓይነት ፊልም አካሄድ በየትም አገር ቢሆን የታወቀ ነው፤ ሁለት ሰዎች ባልታሰበ ሁኔታ ይገናኛሉ፣ ይጣላሉ፣ እንቅፋት ይገጥማቸዋል፣ በመጨረሻው ይገናኛሉ። ተመልካቹ መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ የሠሪው ችሎታ የሚፈተነው በመጨረሻው ሳይሆን በመንገዱ ነው።

ያን ምሽት ያየነው ፊልም በ2001 የወጣውና በእንግሊዝኛው ስሙ «ማይ ሳሲ ገርል» የሚባለው ነው፤ «አስቸጋሪዋ ልጄ» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም። ያዘጋጀው ክዋክ ጄ-ዮንግ ሲሆን ልጅቱን ሆና የተጫወተችው ጁን ጂ-ህዩን፣ ምስኪኑን ግዮን-ዉን ሆኖ የተጫወተው ቻ ቴ-ህዩን ነው። በአገሩ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ አይቶታል፤ በኋላም በአሜሪካ፣ በሕንድና በጃፓን እንደገና ተሠርቷል።

ፊልሙ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ የክፍሎቹም ስም ከኳስ ሜዳ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ፣ ሁለተኛው አጋማሽ፣ ተጨማሪ ሰዓት ይላል። በመጀመሪያው አጋማሽ ተመልካቹ ይስቃል። ግዮን-ዉ በባቡር ጣቢያ የሰከረችውን ልጅ ከሐዲዱ አፋፍ ይጎትታታል፤ እሷም ባቡሩ ውስጥ ካስመለሳት በኋላ «የኔ ማር» ብላው ራሷን ትስታለች። ተሳፋሪው ሁሉ ፍቅረኛዋ መስሎት ይቆጣዋል፤ እሱም በጀርባው አዝሎ ይወስዳታል። በሁለተኛው አጋማሽ የሳቁ ምክንያት ይገለጣል። ልጅቱ እንዲያ የምትሆነው ስለ ሞተባት ሰው ነው፤ ያን ልጅ የምታስጨንቀውም ሊያስረሳት ስለ ቀረበና መርሳት ደግሞ ክህደት ስለመሰላት ነው። እዚህ ላይ ተመልካቹ ቀደም ብሎ የሳቀባቸውን ትዕይንቶች በልቡ መልሶ ያያቸዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አያስቁም።

አክስቴ ያየችው እንግዲህ ይህን ነው። አዘጋጁ ምልክቶቹን ገና በሳቁ ሰዓት አስቀምጧቸዋል። ልጅቱ የምትጠጣው ተደስታ አይደለም፤ ስትጠጣም ታለቅሳለች። ከመምታቷ በፊት ለአንድ አፍታ ፊቷ ይጠወልጋል። እኛ የዐረብኛውን ትርጉም ስንጠብቅ አክስቴ ፊቷን ታይ ነበር።

ተጨማሪ ሰዓት የተባለው ክፍል ደግሞ ለአስተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። ሁለቱ ተለያይተው ደብዳቤያቸውን በኮረብታ ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ቀብረው ከሁለት ዓመት በኋላ ሊገናኙ ይቃጠራሉ። እሱ ይመጣል፤ እሷ ትቀራለች። ተመልካቹ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ የሚያገናኛቸው ምን ይመስላችኋል? አክስት ናት! ፊልሙ ሲጀመር የግዮን-ዉ እናት፣ ልጇ የሞተባት አክስቱን ሄዶ እንዲጠይቅ፣ አንዲት ደኅና ልጅም ልታስተዋውቀው እንደምትፈልግ ትነግረዋለች። እሱ ግን ቸል ይላል፤ እኛም እንደ እሱ ቸል ብለን አልፈነዋል። ያቺ ደኅና ልጅ እሷው ራሷ ነበረች፤ የሞተባትም ሰው የአክስቱ ልጅ ኖሯል። ባለሙያ ጸሐፊ በመጀመሪያው ገጽ ዘርቶ በመጨረሻው ያጭዳል የምንለው ይህን ነው። (አክስቴ ይህን ክፍል ካየች በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል «አክስት ስትጠራ ይኬዳል» እያለች ትቀልድብን ነበር።)

የታሪኩ ምንጭም የሚያስገርም ነው። ኪም ሆ-ሲክ የተባለ ወጣት ከአንዲት ልጅ ጋር የገጠመውን ሁሉ በ1999 በኮምፒዩተር መረብ ላይ በተከታታይ ጻፈ፤ አንባቢ በዛለት፣ መጽሐፍ ሆነ፣ ከዚያም ፊልም። አዘጋጁ ክዋክ ጄ-ዮንግ ደግሞ ከዚያ በፊት የሠራቸው ፊልሞች ስላልተሳኩለት ለስምንት ዓመት ያህል ያለ ፊልም የቆየ ሰው ነበር። አንድ ተማሪና አንድ ሥራ የፈታ አዘጋጅ ተገናኝተው ይህን ሠሩ ማለት ነው። ነገር ግን ሁለት ሰው ብቻውን ኢንዱስትሪ አይሆንም። ከኋላቸው ምን ነበር?

146 ቀን

ብዙ ሰው የኮርያ ፊልም የበለጸገው አገሪቱ ስለ በለጸገች ነው ብሎ ያምናል። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። በ1993 ኮርያ መኪናና መርከብ ሠርታ ለዓለም ትሸጥ ነበር፤ ዳሩ ግን በገዛ ሲኒማ ቤቶቿ ከሚገባው ተመልካች የአገር ውስጥ ፊልም የሚያየው ከመቶ 16 ገደማ ብቻ ነበር። የቀረው በአብዛኛው የአሜሪካ ፊልም ያይ ነበር። የአሜሪካ ኩባንያዎች ፊልማቸውን በቀጥታ እንዲያከፋፍሉ በ1988 በተፈቀደ ጊዜ የኮርያ ፊልም ሠሪዎች እጅግ ከመናደዳቸው የተነሣ ፊልሙ በሚታይበት አዳራሽ ውስጥ እባብ የለቀቁ ነበሩ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ይስቃሉ። ለእነዚያ ሰዎች ግን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ካተረፏቸው ነገሮች አንዱ በ1960ዎቹ የወጣ ሕግ ነው። ሕጉ ማንኛውም ሲኒማ ቤት በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ቀኖች የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳይ የሚያስገድድ ሲሆን ቁጥሩ በኋላ 146 ቀን ደርሶ ነበር። ከ1993 ጀምሮ ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ሲኒማ ቤቶቹ ቀኑን ማክበራቸውን በየደጃፉ ቆመው ይቆጥሩ ጀመር። ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የንግድ ድርድር ምክንያት በ2006 ቁጥሩ ወደ 73 ቀን ዝቅ ሲል ታላላቅ ተዋንያን አደባባይ ወጥተው ተቃውመዋል። ያም ሆኖ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ፊልም ከተመልካቹ ግማሽ በላይ ይዞ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። በ1984 በመንግሥት የተቋቋመው የኮርያ ፊልም ጥበብ አካዳሚ በየዓመቱ ጥቂት ሰዎችን ብቻ እየተቀበለ ያሠለጥናል። ሦስተኛው ነፃነት ነው፤ በ1996 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፊልምን ከመታየቱ በፊት መመርመርና መቁረጥ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት በቡሳን ከተማ ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ተጀመረ። ቡሳን የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1951 ከመርከብ የወረዱባት ወደብ መሆኗን ተማሪዎች ያስታውሷል።

ወደ ፍቅር ፊልሙ ስንመለስ፣ አሁን የምናውቀው ዓይነት አስቂኝ የፍቅር ፊልም መንገዱን የጠረገው በ1992 የወጣው «የጋብቻ ታሪክ» ነው። አዘጋጁ ኪም ኡይ-ሶክ ይባላል። ነገር ግን ይህን ፊልም በይበልጥ የወለደው አዘጋጁ ሳይሆን ሺን ቹልን የመሰሉ ወጣት ፕሮዲዩሰሮች ናቸው። ከዚያ በፊት ልማዱ ገንዘብ ያለው ሰው የፈለገውን ማሠራት ነበር። እነዚህ ግን አስቀድመው ወደ አዲስ ተጋቢዎች ሄደው ጠየቁ። በምን ትጣላላችሁ? ማን ቁርስ ይሠራል? ደመወዙ ማን እጅ ይገባል? ከዚህ በኋላ ድርሰቱን ደጋግመው አስጻፉት። ታሪኩ በሬዲዮ ጣቢያ የሚሠሩ ባልና ሚስት ተጋብተው፣ በማይረባ ነገር ተጣልተው፣ ተፋትተው፣ ከዚያ እንደገና ሲፈላለጉ የሚያሳይ ነው። በዚያ ዓመት ከአገሪቱ ፊልሞች ሁሉ የበለጠ ተመልካች አገኘ፤ ሳምሰንግን የመሰለ ትልቅ ኩባንያም ከወጪው ከፊሉን በመሸፈን ወደ ፊልም ሥራ ገባ። እኔ በግሌ ከካሜራው ይልቅ ያ ጥያቄ መጠየቃቸው ይበልጥብኛል። መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅምና።

የሴቶቹን ድርሻ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ሊ ጆንግ-ህያንግ የተባለችው ከአካዳሚው የወጣች አዘጋጅ በ1998 «ከአራዊት መጠበቂያው አጠገብ ያለው ሙዚየም» የሚል ፊልም ጽፋ አዘጋጅታለች። አንድ ወታደር ፈቃድ አግኝቶ ወደ ፍቅረኛው ቤት ሲመጣ ፍቅረኛው ለቃ ሄዳለች፤ በቤቱ የሠርግ ቪዲዮ የምትቀርጽ፣ ንጽሕና የማይሆንላት ሌላ ልጅ ተከራይታበታለች። ልጅቱ ለውድድር የምታቀርበው የፊልም ድርሰት ትጽፋለች። እሱ ድርሰቷን እያነበበ ይተቻል፤ «ፍቅር እንዲህ አይደለም» ይላታል፤ አብረው ይጽፉት ጀመር። በድርሰቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሲዋደዱ ጸሐፊዎቹም ሳያውቁት ይዋደዳሉ። የሚሰበር ዕቃ፣ የሚሮጥ መኪና የለበትም። ስለ ድርሰት አጻጻፍ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ፊልም አላውቅም።

ሁሉም ግን የሚመሰገን አይደለም። በ2006 የወጣውና ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ያየው «ባለ 200 ፓውንዷ ቆንጆ» የተባለው ፊልም ወፍራም ዘፋኝ ልጅ በቀዶ ሕክምና ቀጭን ሆና ስትወደድ ያሳያል። በመልክ ማምለክን ይተቻል የሚሉ አሉ። እኔ ግን እየተቸ የሚሸጠውም ያንኑ መስሎ ይታየኛል፤ ሴት ተማሪዎች ሲያዩት አስተማሪ አብሯቸው ቢወያይበት ይበጃል።

ድንበር ስላላቸው ሰዎች

የኮርያ አስቂኝ ፍቅር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሲኒማ ቤት ይልቅ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ይበልጥ ይታወቃል፤ ከደራሲዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ፓርክ ጂ-ኡን በ2019 መጨረሻ መታየት የጀመረውን፣ በእንግሊዝኛ «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» የተባለውን ጻፈች። አንዲት የደቡብ ኮርያ ሀብታም ሴት በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ጃንጥላ ስትጫወት አውሎ ነፋስ ወስዶ ሰሜን ኮርያ ይጥላታል፤ አንድ የሰሜን መኮንን ይደብቃታል። እንደሚታወቀው ሁለቱ ኮርያዎች ከ1953 ጀምሮ በታጠረና በተጠመደ ድንበር የተለያዩ ናቸው። በዚህ ነገር ማን ይሥቃል? ደራሲዋ ግን አስቃለች፤ ደቡቡን የማታውቅ የመንደር ሴት፣ የደቡብን ድራማ በድብቅ ከማየቱ ብዛት የደቡብን አነጋገር ለባልደረቦቹ የሚያስተረጉም ወታደር ፈጥራለች። ያን ወታደር ባየሁት ጊዜ በአክስቴ ግቢ ዐረብኛውን ያስተረጉምልን የነበረው ልጅ ትዝ አለኝ።

ይህ ከየት መጣ? ከድራማው ጸሐፊዎች ጋር የሠራ ክዋክ ሙን-ዋን የሚባል ሰው አለ። ሰሜን ኮርያ ተወልዶ በፒዮንግያንግ ፊልም የተማረ፣ በኋላም ከድቶ ወደ ደቡብ የገባ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ፣ ገበያው ምን እንደሚመስል የነገራቸው እሱ ነው። እዚህም ላይ ያው ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ አለ።

አሁን ወደ ታጁጅ እንመለስ። ታጁጅ የሐምራን ጎሣ ልጅ ነበረች ይባላል። ሐምራኖች በሰቲት ወንዝ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ናቸው፤ ሰቲት ማለት እኛ ተከዜ የምንለው ወንዝ ወደ ሱዳን ከወረደ በኋላ የሚጠራበት ስም ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 በዚያ ሲያልፍ ዝሆንን በፈረስ አባርረው በሰይፍ የሚያድኑ ሰዎች ብሎ ጽፎላቸዋል። ሽማግሌው ነጋዴ እንደነገረን የታጁጅ አጎት ልጅ አል-ሙሐለቅ ይወዳታል፤ ስለ እሷ ግጥም ይገጥማል፤ ብዙ ከተቸገረ በኋላ ያገባታል። ውበቷን እጅግ ከማምለኩ የተነሣ አንድ ቀን ራቁትዋን በፊቱ እንድትመላለስ ይለምናታል። እሷም እያፈረች፣ «እኔም የምለምንህን ትሰጠኛለህን?» ትለዋለች። ይምላል። እንዳለው ካደረገች በኋላ ልመናዋን ነገረችው፤ «ፍታኝ!» ምሎ ነበርና ፈታት። ከዚያ በኋላ አብዶ፣ በምድረ በዳ እየተንከራተተ ስለ እሷ ሲገጥም ሞተ። እሷም በክፉ ሰዎች እጅ ጠፋች።

«የጋብቻ ታሪክ» ውስጥም ባልና ሚስት ይፋታሉ። በ2023 በወጣውና «30 ቀን» በሚባለው አዲስ የኮርያ ፊልም ውስጥም ሊፋቱ አንድ ወር የቀራቸው ባልና ሚስት በመኪና አደጋ ሁለቱም ያለፈውን ሁሉ ረስተው እንደገና ይጀምራሉ። የታጁጅና የእነዚህ ልዩነት ምንድን ነው? ሙሐለቅ የሚያደርገው ሞኝነት ከኮርያው ባል ሞኝነት አይበልጥም። ለሙሐለቅ ግን ተጨማሪ ሰዓት አልተሰጠውም። አስቂኝ የፍቅር ፊልም ማለት ከዚያው ከሐዘኑ ጭቃ ተሠርቶ ተጨማሪ ሰዓት የተጨመረበት ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

የታጁጅን ታሪክ ወደ ፊልም ያመጣው የሱዳኑ ጋደላ ጉባራ ነው (1920–2008)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ በመኪና እየዞረ ለሕዝብ ፊልም ያሳይ የነበረ፣ ጥር 1 ቀን 1956 የሱዳን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በካሜራ የቀረጸ ሰው ነው። «ታጁጅ»ን በ1977 ሠራ። የራሱን ስቱዲዮ አቋቁሞ ነበር፤ ስቱዲዮው በኋላ በመንግሥት ተወሰደበት። በእርጅናው ዓይኑ ጠፍቶ እንኳ በልጁ በሣራ እየተረዳ የቪክቶር ሁጎን «ምስኪኖቹ» ወደ ሱዳን አምጥቶ ፊልም አድርጎታል። በሙያና በትጋት ከኮርያዎቹ ማን ያንሰዋል?

ሱዳን ውስጥ ግን 146 ቀኑ አልነበረም። ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሲኒማ ቤቶች እየተዘጉ ሄዱ፤ ፊልም ማሳየት ከወንጀል የማይተናነስ ሆነ። ሱሃይብ ጋስምልባሪ የተባለ ሱዳናዊ በ2019 ባወጣው «ስለ ዛፎች ማውራት» በተባለ ዘጋቢ ፊልም አራት ሽማግሌ ፊልም ሠሪዎች በኦምዱርማን የተዘጋ አንድ ሲኒማ ቤት ለአንድ ምሽት እንኳ ለመክፈት ሲደክሙ ያሳያል። ሽማግሌዎቹ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ እርስ በርሳቸው ይቀልዳሉ። ፍቅር ከሆነ እሱም አንድ ዓይነት አስቂኝ የፍቅር ፊልም ነው፤ የሚወዷት ሲኒማ ብቻ ትሁን እንጂ። እኛ በገዳሪፍ ከታጁጅ አገር አጠገብ ተቀምጠን የኮርያን ፊልም ያየነው፣ የታጁጅን ግን ያላየነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የምጽፈው ሌሎችን ለመውቀስ እንዳይመስል የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር የቴያትር ክበቡ ተማሪዎች አጭር አስቂኝ የፍቅር ተውኔት ጻፉ። አንድ ልጅ የሚወዳትን ልጅ ጀሪካን ልሸከምልሽ ብሎ ይዞ ቤቷን ስለማያውቅ ሠፈሩን ሁሉ ሲዞር የሚያሳይ ነው። ድርሰቱ ከመታየቱ በፊት ተጠየቀና በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ተመለሰ፤ «ፍቅር» የሚለው ወጥቶ «ስለ ውኃ ንጽሕና» የሚል ትምህርት ገባበት። የክበቡ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ ፈረምኩ። በዕለቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አንድ ሰው አልሳቀም። ጀሪካኑን የያዘው ልጅ ከመድረክ ወርዶ አጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

አሁን በማሠልጠኛ ውስጥ ለዕጩ መምህራን የማሠራው መልመጃ ከዚያ ቀን የመጣ ነው። ለካሜራ የሚሆን ገንዘብ ስለሌለን የምንሠራው በደብተር ነው። መጀመሪያ ባልና ሚስት የሆኑ ጎረቤቶችን፣ እናትና አባትን፣ «መጀመሪያ ቀን በምን ተጣላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። (በዚህ ጥያቄ ያልሳቀ ባለትዳር እስካሁን አልተገኘም።) ከዚያ ሦስት ክፍል ይጽፋሉ፤ በመጀመሪያው አጋማሽ አስቁን፣ በሁለተኛው ለምን እንዳሳቃችሁን ንገሩን፣ በተጨማሪ ሰዓት የረሳነውን ነገር መልሱልን። አስተማሪዎች ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ቢሞክሩት ይሳካል።

ባለፈው ጊዜ ከመተማ የመጣች አንዲት ዕጩ መምህርት ያቀረበችውን ልንገራችሁ። በመተማ ዮሐንስና በጋላባት መካከል አንዲት ጅረትና ድልድይ ብቻ ናቸው ያሉት። በድርሰቷ ውስጥ አንዲት የመተማ ልጅ በሰሊጥ ሚዛን አጠገብ ቆማ ለነጋዴዎች ዐረብኛ ታስተረጉማለች። ከጋላባት የሚመጣ አንድ ወጣት ገዥ አለ። ልጁ ቶሎ ተስማምቶ እንዳይሄድባት ዋጋውን ሆን ብላ አሳስታ ትተረጉማለች፤ ሻጩ ይናደዳል፣ ልጁ ይናደዳል፣ ድርድሩ ሦስት ቀን ይፈጃል። ልጁ አማርኛ ከእሷ የበለጠ እንደሚያውቅ በመጨረሻ እናውቃለን። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሁለተኛው አጋማሽ የሚጀምረው ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ነው። ሰው በዚያች ድልድይ ወደ መተማ ይጎርፋል። ልጅቱ አሁን የምታስተረጉመው ስደተኞች በሚመዘገቡበት ጠረጴዛ ነው። ወጣቱ እናቱን ደግፎ ይመጣል። መዝጋቢው «ስሙን ጠይቂው» ይላታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ ግን ሥራዋ ነውና በዐረብኛ «ስምህ ማነው?» ትለዋለች። እሱም እንደማያውቃት ሆኖ በዐረብኛ ይመልሳል፤ ዕድሜውን ሲጠየቅ ግን ሆን ብሎ አሳስቶ ይነግራታል። እሷም ታርመዋለች።

ድርሰቱ እዚህ ላይ ይቆማል። በደብተሯ «ተጨማሪ ሰዓት» የሚል ርእስ ጽፋ ከሥሩ ሦስት ባዶ ገጽ ትታለች። ለምን እንዳልጨረሰችው ስጠይቃት፣ «መምህር፣ እሱን ገና ጠይቄ አልጨረስኩም» አለችኝ።